ደሴ ላይ አልጋ ያዝኩ

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደሴ ላይ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻው ላይ የቤት ሥራ አለ። ልማዴን ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ወር ደሴ ሄጄ ነበር። አብሮኝ ለዓመታት ያስተማረ ወዳጄ አርፎ ለቅሶ ለመድረስ ነው። ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. ከለቀቅኩ ወዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ ብያለሁ፤ ያኔ ግን ማረፊያዬ የሱ ቤት ነበር። አሁን እሱ የለም፣ ቤቱም በለቀስተኛ ተሞልቷል። ስለዚህ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደሴ ላይ አልጋ ያዝኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ መታወቂያዬን ተቀብላ መዝገቡን ዘረጋች። «አድራሻ?» አለችኝ። አዲስ አበባ አልኳት። «የመጡበት ጉዳይ?» ለቅሶ። ብዕሯን አቆመችና «እግዜር ያጽናዎት አባባ። ለደሴ እንግዳ ነዎት?» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬባታለሁ ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። መዝገቡ ላይ ተጽፏል እኮ።

ያቺ ጥያቄ ሦስቱን ቀን አብራኝ ዋለች። የታሪክ መምህር ሆኖ ያረጀ ሰው ደግሞ የገዛ ሐዘኑን እንኳ ወደ ታሪክ ሳይወስድ አያርፍም። እስቲ ከመንገዱ ልጀምር።

ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ሰው ጣርማበርን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬን፣ ከሚሴን፣ ሐርቡን አልፎ ኮምቦልቻ ይገባል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያወለቃችሁትን ጃኬት ሐረጎን ስትወጡ መልሳችሁ ትለብሱታላችሁ። ጠመዝማዛው ላይ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ወሬውን ያቆማል። እኔም ዝም አልኩ። ቶሳ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ግን ሆዴ ባባ። ምን አለፋችሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አሁን ወደ ከተማዋ አመሠራረት። ክፍል ውስጥ ምን ብዬ እንዳስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሜዳ ላይ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ ንጉሡ ደስ አላቸውና ቦታውን ደሴ አሉት። ኮከቡ እውነት ነው፤ በ1875 ዓ.ም. መስከረም ላይ የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ በዓለም ሁሉ ተመዝግቧል። የስሙም ታሪክ ሲነገር የኖረ ነው። ታሪኩ ውብ ስለሆነ ተማሪ ይወደዋል፣ እኔም ወድጄው ዓመት በዓመት እደግመው ነበር።

ያልነገርኳችሁ ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ ቦታው ባዶ አልነበረም። ላኮመልዛ የሚባል ስም ነበረው። ስም ያለው ቦታ ስም ያወጣለት ሰው ነበረበት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎ ላይ የሰፈሩት ለሽርሽር አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጓል። የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተብለዋል። ለወሎ እስላም «ሃይማኖትህን ለውጥ» የሚል ትእዛዝ ወጥቷል፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉ የሃይማኖት አባቶችም እምቢ ብለው ተነስተዋል። «ደስ አለኝ» የተባለባት ከተማ በዚያው ዘመን ነው የተቆረቆረችው። የማን ደስታ? ብሎ የጠየቀ ተማሪ አልነበረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሌላም አለ። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በድሮው አማርኛ የጦር ሰፈር ማለት ነው። ከተመ ማለት ሰፈረ፣ ድንኳን ተከለ ነው። ንጉሥ ሲሄድ ከተማውም አብሮ ይሄዳል፤ ሲሰፍር ከተማ ይሆናል። እንግዲህ ደሴ ስትጀመር ማደሪያ ነበረች ማለት ነው፤ ከመሥራቾቿ ብዙዎቹ መንገደኞች ነበሩ። ራስ ሚካኤል መቀመጫቸውን እዚህ ሲያደርጉና ሲቆዩባት ነው ድንኳኑ ቤት የሆነው።

እሳቸው ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አይጠየፍ። ስሙ የሚተረጎመው ማንንም አይጠየፍም፣ ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ያበላል እየተባለ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ብቻዬን ሄጄ ከደጁ ቆምኩ። በጉብኝት ስንት ክፍል ተማሪ ይዤ እንደመጣሁ መቁጠር አልችልም። ያኔ የማወራላችሁ ስለ ባለቤቱ ነበር፤ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው እንደ ነገሡ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በሸዋ መኳንንት ሲሻሩ ጦር ይዘው እንደ ዘመቱ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው እንደ ተማረኩ፣ በምርኮ ሳሉም እንዳረፉ። ይሄ ሁሉ ትክክል ነው። ዘንድሮ ደጁ ላይ ብቻዬን ስቆም የመጣብኝ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት ሰገሌ የቀረው የወሎ ሰው ስንት ነበር? እያንዳንዱ ደግሞ ከዚህ ከተማና ከዙሪያዋ የወጣ የሰው ባል፣ የሰው ልጅ ነው። አዳራሹ ባዶውን ከቀረ በኋላ ሲጠብቁ የኖሩት ሚስቶች ማን ያበላቸው ይሆን?

ቀጥሎ 1928። ይሄኛውን በጣም አስተምሬዋለሁ፣ እንዲያውም የምወደው ትምህርት እሱ ነበር። ኅዳር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ወርደው የጦር ሰፈራቸውን እዚህ አደረጉ። የውጭ ጋዜጠኞችም ተከትለዋቸው መጡ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት እያለው ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፀረ አውሮፕላኑ መትረየስ ጋር የታዩበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። የአቤቱታ ቴሌግራም ጄኔቫ ተላከ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ሆነ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ጣሊያን ደሴ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ መንገዳቸው በላሊበላ ሆነ፤ በዓይናቸው ያዩዋት፣ መትረየስ የያዙባት ደሴ ተይዛለች።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆየ። ኮምቦልቻን ኮምቦልቻ ያደረጋት የዚያ ዘመን መንገድ ነው፤ አንዱ ወደ አሥመራ፣ አንዱ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ። መንገዱ የተሠራው ለወራሪው ጦር ቢሆንም ጦሩ ከሄደ በኋላ ነጋዴውን፣ የጭነት ሾፌሩን፣ የጨው አመላላሹን አገለገለ። በ1933 ሚያዝያ ላይ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና አርበኞቻችን ኮምቦልቻ በር ላይ ለቀናት ተዋግተው ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ነፃ አወጡ። ኮምቦልቻ ከዚያ በኋላ በመንገዷ አደገች። በ1978 ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መጣ፤ የቢራ ፋብሪካው አለ፤ በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ደሴ የሚበር ሰው የሚያርፈውም እዚያው ነው። የደሴ ልጅ ኮምቦልቻን «ታች» እያለ ቢጠራትም እንጀራውን ከታች የሚያመጣ ብዙ ነው።

ይሄን ሁሉ አስተምሬያለሁ። አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

በሦስተኛው ቀን ፒያሳ አካባቢ እየሄድኩ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። ፀጉሩ ሸሸት ያለ ጎልማሳ እየሳቀ ይመጣል። «ቲቸር፣ አልሞቱም እንዴ?» አለኝ፤ ይሄ ነው የደሴ ሰላምታ! በ1993 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እሱም አትጻፉ ብሎኛል። እጄን ይዞ ሱቁ ውስጥ አስገባኝና ሻይ አዘዘ። ስለ ልጆቹ ነገረኝ፣ ስለ ወዳጄ ሞት አወራን። ከዚያ «አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ የጠየቅኩዎትን ያስታውሳሉ?» አለኝ። አላስታወስኩም።

«የ1928ን ድብደባ ሲያስተምሩን እጄን አወጣሁ። የሞቱትን ሰዎች ማን ቀበራቸው? ብዬ ጠየቅኩዎት። እርስዎ፣ ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።»

አፈርኩ። እንዳልኩ አልጠራጠርም፤ አነጋገሩ የራሴ ነው። ሰዓቱ አልቆብኝ ይሆናል። ግን እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር። የማስተምርበት መጽሐፍ ላይ ንጉሡ አሉ፣ አውሮፕላኖቹ አሉ፣ ሆስፒታሉ አለ፣ ጄኔቫ አለች። ከድብደባው በማግሥቱ ከተማዋ ውስጥ የቀረው ሰው የለም። ያኔ ደሴ ውስጥ የነበሩ ሽማግሌዎች ደግሞ እኔ ሳስተምር በሕይወት ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቼ መጠየቅ እችል ነበር። ሰፈሬ ውስጥ በየቀኑ ጤና ይስጥልኝ የምላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ልጁ ቀጠለ። «አሁን መልሱን እኔ አውቀዋለሁ ቲቸር» አለኝ።

2014ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ2013 ሐምሌና ነሐሴ ጀምሮ ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴን ሞላት። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። እኔ ያስተማርኩባቸው ዓይነት ክፍሎች ውስጥ እናቶች ምጣድ ጥደው ነበር። በ1965ና በ66 ረሃብ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ከየቆላው የተነሣ ወሎዬ ይቺን ከተማ ተስፋ አድርጎ መጥቶ መንገድ ዳር ወድቋል። ደሴ መቼም እንግዳ ሳይመጣባት ኖራ አታውቅም። በጥቅምት 20ና 21 የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻ ገቡ። ያስጠለለውም የተጠለለውም ባንድነት የሐረጎን ቁልቁለት ወረደ። መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ ጠፋ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው ሙዚየም ተዘረፈ። ኅዳር 27 ቀን ሁለቱ ከተሞች መመለሳቸው ተነገረ። በፈረንጅ አቆጣጠር ስታዩት ያ ቀን ዲሴምበር 6 ነው። የ1928ቱ ድብደባም ዲሴምበር 6 ነበር። ልክ 86 ዓመት።

ይሄ ልጅ አልወጣም ነበር። እናቱ መራመድ አይችሉም። አምስቱን ሳምንት እዚያው ቆየ። ጎረቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ መድኃኒቱ አለቀ፣ ፋርማሲ ዝግ ነው፣ ስልክ የለም። በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። የእድር ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። «አራት ሆነን ቀበርናቸው» አለኝ። «እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ከአራታችን ሦስታችን እስላም ነን። ጸሎቱን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ ድምፁን ቀንሶ አደረሰ። እኛም በልባችን ዱዓ አደረግን። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፣ የሰሙት ከወር በኋላ ነው። እና ቲቸር፣ የሞተውን የሚቀብረው ያልወጣ ሰው ነው። ፈተና ላይ ባይመጣም።»

ሻዩ በረደብኝ። ምን እላለሁ? «አብሽሩ ቲቸር» ብሎ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። ጭራሽ እሱ አጽናናኝ።

እኔ በእነዚያ አምስት ሳምንታት አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ እየሞከርኩ፣ የማያነሣ ቁጥር እየደጋገምኩ፣ ፌስቡክ ላይ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት አፍጥጬ። ከደሴ የወጡ ሁለት ቤተሰቦች እኔ ጋ አርፈው ነበር። አብልቻቸዋለሁ፣ አልጋዬን ለቅቄላቸዋለሁ፤ ግን ምን እንዳዩ፣ በየት እንደወጡ፣ መንገድ ላይ ማን ውሃ እንዳጠጣቸው አልጠየቅኳቸውም። ቁስል መነካካት መሰለኝ፤ ነውር መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ ያን አዛውንት ሰፈሬ ውስጥ ሳልጠይቅ እንዳሳለፍኳቸው እነዚህንም አሳለፍኳቸው። አንዱን በስንፍና፣ ሌላውን በይሉኝታ። ውጤቱ ግን ያው ነው።

ወደ ሆቴሌ ስመለስ ባጃጅ ያዝኩ። አንድ ድሮ የተዘጋ ጫማ ቤት ስም ጠርቼ እዚያ አካባቢ አድርሰኝ አልኩት። ልጁ አላወቀውም፤ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። «ጋሼ፣ እንግዳ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። በዚህኛው አልከፋኝም። «አዎ ልጄ፣ እንግዳ ነኝ፤ አንተ ንገረኝ» አልኩት። እሱም ከቧንቧ ውሃ ጀምሮ እያሳየ ነገረኝ። ይሄ ሕንፃ መቼ እንደተሠራ፣ ያኛው በጦርነቱ ምን እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ያኔ ከእህቶቹ ጋር በእግሩ እስከ ኮምቦልቻ እንዴት እንደወረደ። ሒሳብ ልከፍል ስል «ይተዉት፣ እንግዳ ነዎት» ብሎ ሊምረኝ ፈልጎ በግድ ነው የሰጠሁት።

እንግድነት ይሄን ያህል ይጠቅማል። የከተማው ሰው ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ማንንም አልጠየቅኩም፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እንግዳ ሆኜ በሦስት ቀን ከሁለት ሰው የሰማሁት ክፍል ውስጥ ከጻፍኩላችሁ ማስታወሻ ብዙ ገጽ ይበልጣል።

አሁን የቤት ሥራው። በ2014 ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ በዚያ አካባቢ ሁሉ የነበራችሁ ልጆቼ፣ ጻፉ። የወጣችሁም ያልወጣችሁም፤ ከሰሜን ተፈናቅላችሁ ደሴ ደርሳችሁ ከደሴ ደግሞ የተፈናቀላችሁም። የፖለቲካ ትንታኔ አልፈልግም፤ እሱን የሚጽፍ ሞልቷል። የምፈልገው ይሄን ነው፦

በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ለመውጣት ወይም ለመቅረት ወሰናችሁ? ማን ወሰነ?
ምን በላችሁ? ከየት መጣ?
ማን አስጠጋችሁ? ማንን አስጠጋችሁ?
ማን ሞተ? ማን ቀበረው? የት?

በደብተር፣ በእጃችሁ ጻፉት፤ ቀኑንና ሰፈሩን አትርሱ። የማታስታውሱትን አላስታውስም በሉ፤ አትፍጠሩ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። እዚህ ኮሜንት ላይ አታስቀምጡት፤ የሰው ስም አለበት፣ የሰው ሐዘን አለበት፤ ነገሩም ወደ ስድድብ ይሄዳል። ቤታችሁ አኑሩት፣ አንድ ቅጂ ለልጆቻችሁ ስጡ። ፈቃዳችሁ ከሆነ ለእኔ በውስጥ መስመር ንገሩኝና መጥቼ አነባለሁ። አዛውንት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ነገ አትበሉ፤ እኔ ነገ ስል ነው ያመለጡኝ።

ለዚያ የ1993 ልጅ ደግሞ፦ ጥያቄህ ትክክል ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ዘግይቼ ነው የምነግርህ፤ ይቅር በለኝ። ክፍሉም መሳቅ አልነበረበትም።

ለፋሲካ ተመልሼ እሄዳለሁ። አልጋ ይዣለሁ።